የዝናቡ ትዕይንት

«አንቺ መኪና ውስጥ የቤት ሥራሽን እየሠራሽ ነበር። ምንም አልሰማሽም» አላት አባቷ።

ሹሩቅ ዳቦዋን ፉሉ ውስጥ እንደነከረች ቀረች። «አባዬ፣ መኪና ውስጥ አልነበርኩም እኮ።»

«አውቃለሁ! ዐቃቤ ሕጉ ሲጠይቅሽ ግን እንደዚያ ነው የምትይው። በቃ።»

የሥራ ባልደረባው ሲድቂ ቀረጻ ላይ ከሞተ ወዲህ አባቷ ሙንዚር እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አልዞረም። ሥራውን የጀመረው ስቱዲዮ ውስጥ የመብራት ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ከዚያ ለታወቁ ዳይሬክተሮች ረዳት ሆኖ፣ ስድባቸውን እየዋጠ ፀጉሩ ሸበተ። ዘንድሮ ግን ራሱ ዳይሬክተር፣ ራሱ ፕሮዲዩሰር ሆኖ የመጀመሪያ ተከታታይ ድራማውን ያዘ። ለረመዳን ካላደረሰ የቴሌቪዥን ጣቢያው ሌላ ዕድል አይሰጠውም። ሲድቂ ደግሞ ከገመድ ጥቅለላው ዘመን ጀምሮ ያልተለየው የመብራት ሠራተኛ ነበር። ሹሩቅን በልጅነቷ ትከሻው ላይ አውጥቶ ካይሮን ያዞራት ሰው ነው።

በዚያን ቀን የሚቀረጸው የዝናብ ትዕይንት ነበር። የውሃ ቦቴ መንገዱን ያረሰርሳል። ሹሩቅ ከአባቷ ጎን ተቀምጣለች፤ «ሥራው እንዲገባሽ» ብሎ የሬዲዮውን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጎላታል። ድንገት አንዱ መብራት ጠፋ።

«ሙንዚር፣ መስመሩ ርሷል» አለ ሲድቂ በሬዲዮው። «ጄኔሬተሩን አጥፍተን እናድርቀው። ሰው ይይዛል።»

«እሱን ስናደርቅ ፀሐይዋ ልትጠልቅብኝ ነው! ውጣና ነካ ነካ አድርገው እንጂ። ሥራ ዛሬ ጀመርክ እንዴ?»

ሲድቂ «እሺ፣ አንተ ካልክ» ብሎ መሰላሉን ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሹሩቅ የሰማችው ነገር ጩኸት እንኳ አልነበረም። አጭር ትንፋሽ ነበር፤ ቀጥሎ የመሰላሉ መውደቅ።

ሳምንት ሳይሞላ «ሰውዬው የሚያደነዝዝ ክኒን ይወስድ ነበር፤ ናላው ዞሮ ነው የወጣው» የሚል ወሬ በሠራተኛው መሃል ተናፈሰ። ሹሩቅ ወሬው ከየት እንደተነሣ አልጠየቀችም። መልሱን ፈርታ ነው።

ለቅሶ ቤት ስትሄድ የሲድቂ ሚስት እንሺራሕ እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ልጄ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ አሉ። እውነት ክኒን ውጦ ነበር?»

«እኔ እንጃ» አለች ሹሩቅ፣ አንገቷን ደፍታ።

«ራሱን ሲያመው እንኳ መድኃኒት አይወስድም እኮ» አለች ሴትዮዋ፣ ለራሷ እንደምታወራ። «ለልጆቹ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

አሁን አባቷ መኪናውን ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ እየነዳ ነው።

«የክኒኑን ወሬ ያስወራኸው አንተ ነህ?» አለችው።

ሙንዚር መሪውን ጨበጠ። «እኔ ከታሰርኩ ያ ሁሉ ሠራተኛ ይበተናል። እናትሽስ? አንቺስ?»

«አንተ ነህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እንዲሞት ፈልጌ ነው እንዴ? ወንድሜ ነበር እኮ!» ድምፁ ተሰበረ። ሹሩቅ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም ነበር። ልታቅፈው ፈለገች፤ እጇ ግን አልታዘዘላትም።

የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ኮሪደር ላይ ብዙ አልጠበቁም። ጸሐፊዋ የሹሩቅን ስም ጠራች። ሙንዚር ቀድሟት ተነሣ።

«ልጅ ናት፤ አብሬያት ልግባ።»

«ይችላሉ» አለች ጸሐፊዋ።

«አባዬ፣ አንተ እዚህ ጠብቀኝ» አለች ሹሩቅ። «መኪና ውስጥ አልነበርኩም።»

አፈጠጠባት። ከዚያ ዓይኑ ላይ ያለው ቁጣ ቀስ እያለ ሟሸሸ፤ ወደ አግዳሚው ወንበር ተመለሰና ተቀመጠ። «ሹሩቅ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፎ ነበር። ጎንበስ ብላ አስተካከለችለትና በሩን ከፍታ ገባች።