ጸበል ላይ ያለ ልጅ

ዜማ የወንድሟን የሆድ ቆዳ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ለቀቀችው። ወዲያው መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም። ትንሽ እጥፋት ሆኖ ቆየና ቀስ እያለ ተኛ።

«ምን ትቆነጥጪዋለሽ? አርፎ ይተኛ!» አለች እናቷ አሰገደች ከጎጆዋ በር ላይ ሆና።

ሁለት ዓመት ያልሞላው አምደሚካኤል አላለቀሰም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፀጉሯን ጨምድዶ ይጎትታት ነበር። አሁን ዓይኖቹን ገርበብ አድርጎ ከማየት በቀር ምንም አላደረገም።

ዜማ ዛሬ ከቤታቸው ከአምበር የመጣችው ስንቅ ለማድረስ ነው። ተቅማጡና ትውከቱ አልቆም ሲለው እናቷ ልጇን አዝላ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ገባች። ከምንጩ በላይ ለጸበልተኞች ከተሠሩት ጎጆዎች አንዷ ተሰጥታቸዋለች። እዚህ ማንም ሳያስተምረው ሁሉም የሚያውቀው ደንብ አለ፤ ጸበል የያዘ ሰው መድኃኒት አይነካም። ነክቶ የከፋበት ሰው ታሪክ ከጎጆ ጎጆ ይወራል።

ዜማ ቦርሳዋን ይዛ ወደ አጥሩ ወጣችና ለእህቷ ደወለች። ዘመናይ ደብረ ማርቆስ ነርሲንግ ትማራለች።

«እሺ፣ ምን እየጠጣ ነው?» አለች ዘመናይ።

«ጸበል። ግን ያስመልሰዋል።»

«እሱ እኮ ውሃ ብቻ ነው! ጨዉም አብሮ እየወጣ ነው ያለው። ኦአርኤሱን፣ ያን የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ይዘሻል አይደል?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እማዬ ግን አትሰማኝም።»

«አትንገሪያታ! የጸበሉ ሃይላንድ ውስጥ ጨምሪና በጥብጪው። ማን ያይሻል?»

«ጣዕሙን ብታውቅስ?»

«ጸበል ሁሉ እንደሆነ የራሱ ጣዕም አለው። አንቺ ደግሞ ፋራ አትሁኚ፣ ዜምዬ።»

«አንቺ ለምን አትነግሪያትም? የምትማሪው አንቺ ነሽ።»

«ገና አልተመረቅኩም እኮ። ‹ማን ሆነሽ ነው ከጸበል የምታስወጪኝ› ብትለኝ ምን እላለሁ? ክላስ ልገባ ነው፣ ቻው።»

ዜማ ስትመለስ እናቷ ወደ ምንጩ ወርዳለች። ሃይላንዱ ከልጁ ራስጌ፣ ግማሽ ድረስ ጸበል እንደያዘ ቆሟል። የኦአርኤሱን ከረጢት አውጥታ ጫፉን በጥርሷ ያዘችው። ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ልጁም ይጠጣል፣ እናቷም አትቆጣም።

ያን ጊዜ ነው ትንፋሹን ልብ ያለችው።

አምደሚካኤል ተኝቶ እያለ ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው ይተነፍሳል። ደረቱ በጥልቀት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሳያርፍ ደግሞ ይነሣል። ዘመናይ ባለፈው ለፈተና ስታጠና ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ጮክ ብላ ያነበነበችው ነገር ታወሳት። በተቅማጥ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም። የደምን አሲድ የሚያበርደው ነገርም አብሮ ይወጣል። አሲዱ ሲበዛ ሳንባ ያግዛል፤ በጥልቀትና በፍጥነት እየተነፈሰ ያወጣዋል። ዜማ ያን ጊዜ ስቃ «እስቲ አሳዪኝ» ብላት ዘመናይ እንደ ውሻ አለከለከችላት። «እዚህ የደረሰ ልጅ ግን ቤት አይቀመጥም» ብላም ነበር።

ከረጢቱን ከጥርሷ አወጣች። ዱቄቱን ደብቃ ልትሰጠው ትችላለች። ጤና ጣቢያ ግን ተደብቆ አይኬድም።

እናቷ አጥማቂውን አባ ወልደ ሰንበትን አስከትላ ስትገባ ዜማ ከረጢቱን መዳፏ ላይ አድርጋ ጠበቀቻት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኦአርኤስ ነው፣ እማዬ። ሳልነግርሽ ጸበሉ ውስጥ ልጨምረው ነበር። አልጨመርኩም።»

የአሰገደች ፊት ተለዋወጠ። «ጸበል ውስጥ? አንቺ ልጅ ይህን ያህል ደፈርሽ?»

«ተቆጪኝ። መጀመሪያ ግን ትንፋሹን እዪው።»

«ትኩሳት ነዋ።»

«ትኩሳት የለውም። እግሩን ንኪው።»

አሰገደች ተንበርክካ የልጇን እግር ያዘች። እጇን አላነሣችም። ጣቶቹን በመዳፏ ጠቅልላ ልታሞቃቸው ሞከረች።

«ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ዛሬውኑ። አሁን» አለች ዜማ።

እናቷ ወደ አባ ወልደ ሰንበት ቀና አለች። «አባ፣ ሱባኤው ሳይሞላ ብወጣ… ደግሞስ መድኃኒት…»

«መድኃኒት አትስጪው ያልኩሽ መቼ ነው?»

«እርስዎ አላሉም። ሰው ሁሉ ግን…»

«ሰው ሁሉማ መች እኔን ጠየቀኝ!» አባ የቀሚሳቸውን ኪስ ቆፈር ቆፈር አድርገው የክኒን ማሸጊያ አወጡ። «የደም ግፊት ነው። ጧት ጧት እሱን ውጬ ነው አንቺን የማጠምቅሽ። በይ አዝለሽ ውጪ! ምንጩ የትም አይሄድብሽም።»

ዜማ ዱቄቱን ልትበጠብጥ ጥግ ላይ ካለው ቢጫ ጀሪካን ፈልቶ የቀዘቀዘ የመጠጥ ውሃ ወደ ባዶ ሃይላንድ ቀዳች። እናቷ ነጠላዋን እየታጠቀች በዜማ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች።

«በትንሽ ውሃ አድርጊው፣ ጠንከር ይበል።»

«አይሆንም። ከጠነከረ ጭራሽ ከሰውነቱ ውሃ ይስባል። ሊትሯ መሙላት አለባት።»

አሰገደች ሃይላንዱ እስኪሞላ ቆማ ጠበቀች።

ባጃጁ ኮረኮንቹ ላይ ሲዘል ዜማ በማንኪያ ትንሽ ትንሽ ትሰጠዋለች። ግማሹ አገጩ ላይ ይፈሳል። ሲያስመልሰው ትታገሣለች፤ ከዚያ እንደገና ትጀምራለች። እናቷ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ትጸልያለች፤ ጸሎቷ መሀል «ስጪው፣ ስጪው እንጂ» ትላለች።

ጤና ጣቢያ እንደደረሱ በደም ሥሩ የሚገባ የጨው ፈሳሽ ተሰቀለለት። ነርሷ ደጋግማ እየመጣች ትንፋሹን አዳመጠች። ከሰዓት በኋላ ደረቱ ረጋ አለ። ቆየት ብሎም እጁ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር ሊነቅል ታግሎ፣ አልሆን ሲለው ክፍሉን በጩኸት ሞላው። ነርሷ ሳቀች።

«መርፌ አትሰጪውም?» አለቻት አሰገደች።

«ጀርሙን የገዛ ሰውነቱ እየተዋጋው ነው፣ እናቴ። አብዛኛውን ጊዜ እሱው ያሸንፋል። እስኪያሸንፍ ውሃውና ጨዉ እንዳያልቅበት ማቀበል ነው የእኛ ሥራ።»

አሰገደች ነገሩን በልቧ እያገላበጠች ሳለ የዜማ ስልክ ጠራ።

«ጨመርሽው?» አለች ዘመናይ በሹክሹክታ። «አወቀችብሽ?»

ዜማ እናቷን አየቻት። ልጇን ታቅፋ፣ ቱቦው ውስጥ የሚንጠባጠበውን ውሃ በዓይኗ ትከተላለች። «ነገርኳት። ጤና ጣቢያ ነን፣ እየተሻለው ነው» ብላ መዝጋት ትችል ነበር። ዘመናይም እፎይ ብላ ወደ ጥናቷ ትመለስ ነበር።

«እማዬ» አለች ስልኩን እየዘረጋችላት፣ «ዘመናይ ናት። ውሃና ጨው ከሰውነት ሲወጣ ምን እንደሚሆን እሷን ጠይቂያት። ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።»

«ኧረ ዜማ! ዜምዬ፣ እንዳትሰጫት!» የሚል ቀጭን ድምፅ ከስልኩ ተሰማ።

ዜማ ስልኩን እናቷ እጅ ላይ አድርጋ ወንድሟን ተቀበለቻት።