የሦስተኛው ፎቅ የኋላ በር

ይህን ስጽፍ እጄ አይንቀጠቀጥም። መጀመሪያ እሱን እወቁልኝ።

ብዙዎቻችሁ «ፈጠራ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉ። አርባ አንድ ሠራተኞች እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ። እስከ ዛሬ አንዳቸውም «አልሆነም» ብሎ አያውቅም።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ፣ መብራት አልጠፋ... ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ልብስ የሚሰፋበት ድርጅት፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ግን ከእህቴ ልጀምር።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። የምንገናኘው በእናት ነው፤ አባቶቻችን ይለያያሉ፣ መልካችንም አይመሳሰልም። ድርጅቱ የድሮው ሕንፃ ላይ ሳለ የደህንነት ኃላፊ ነበረች። ከአንገቷ ላይ ፊሽካ ስለማይጠፋ ሠራተኞቹ «ፊሽካ» ይሏት ነበር።

ቤትም አታርፍም። አልጋዋ ሥር አንድ ቦርሳ ነበራት። ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የመታወቂያችን ቅጂ፣ የዘመድ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት...

«ልትጠፊ ነው እንዴ? ንገሪኝና ስንቅ ልቋጥርልሽ» ትላታለች እናቴ እየሳቀች።

«እማዬ፣ ያን ቀን የእኔን ስልክ ቁጥር እንኳ አታስታውሽውም። ወረቀቱ ያስታውስልሻል።»

እኔን «ጩጬ» ነበር የምትለኝ። እሷ ብቻ።

«ጩጬ፣ የገባሽበት ቤት ሁሉ ሁለት መውጫ ፈልጊ። ጭስ ካየሽ ጎንበስ በይ፤ የሚተነፈስ አየር ያለው ታች ነው። በር ከመክፈትሽ በፊት በእጅሽ ጀርባ ንኪው፤ ከጋለ ተይው። ከወጣሽ በኋላ ለዕቃ ብለሽ አትመለሺ። የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ወስኑ። እዚያ ቁጠሩ። አንድ ሰው ሳይቀር ቁጠሩ።»

በቃሌ ይዤዋለሁ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ሁሉ ታስጠናኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የድሮው ሕንፃ ተቃጠለ።

እህቴ ወጥታ ነበር። ግቢው ውስጥ ቆጠረች... ስድስት ሴቶች ጎደሉ።

ተመልሳ ገባች። «ለዕቃ አትመለሺ» ነው እንጂ ያለችኝ፣ ለሰው አላለችም።

ሰባቱም የኋላው በር ሥር ሞተው ተገኙ። በሩ በሰንሰለት ታስሮ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ለመርማሪዎች ቃሉን ሰጠ። «በሩን ያሰረችው የደህንነት ኃላፊዋ ናት። ቁልፉም እሷ ጋ ነበር።»

እህቴ ምን ብላ ትመልስ?

የስድስቱ እናቶች እናቴን ሰላም ማለት አቆሙ። አንዷ መንገድ ላይ አስቁማት፣ «ልጅሽ ልጄን ጠበሰቻት» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ከቤት አልወጣችም። መጋረጃ እንኳ አትከፍትም።

ዓመት ሞልቶ ካለፈ በኋላ የስፌት መኪና ጠጋኙ ቤታችን መጣ። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን እጁ ላይ ያሽከረክራል።

«ሰንሰለቱን በእጁ ያሰረው ሥራ አስኪያጁ ነው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ጨርቅ ይሰረቃል ብሎ። እህትሽ በቃጠሎው ዋዜማ ‹ፍታው› ብላ ስትለምነው ሰምቻለሁ። ስቆባታል።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ልጆች አሉኝ...»

ያን ዕለት አላለቀስኩም። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላም አልተነሳም።

ድርጅቱ አዲስ ሕንፃ ተከራየ። የደህንነት ኃላፊ ፈልጎ ማስታወቂያ ቢያወጣ ሰው ጠፋ፤ ማን በሟች ወንበር ይቀመጣል? እኔ አመለከትኩ። ሥራ አስኪያጁ ለቅሶ እንኳ ስላልደረሰን አያውቀኝም።

በመጀመሪያው ቀን አስጠርቶ እንዲህ አለኝ፦ «ሕግ አታብዢብኝ። የበፊቷ ነገረኛ ነበረች።»

«እሺ ጌታዬ» አልኩት። ፈገግም አልኩለት።

ስምንት ወር ጠበቅሁ። የቢሮውን በር፣ የሚወጣበትን ሰዓት፣ የእርምጃውን ድምፅ ሁሉ አጠናሁ። ቢሮው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከኋላው በር አጠገብ። በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ነው፤ ወደ ውጭ የብረት ደረጃ ያስወጣል። የአደጋ ልምምድ ሲደረግ እሱ አይወርድም። «እናንተ ተጫወቱ፣ እኔ ሥራ አለኝ» ይላል።

የፈለግሁት አምስት ደቂቃ ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ ጭስ ውስጥ ቆሞ የታሰረ በር እንዲገፋ። መድረክ ላይ ጭስ የሚለቀውን ማሽን ተከራየሁ፤ ጉዳት የለውም፣ አያቃጥልም። እንደዚያኛው ዓይነት ሰንሰለትም ገዛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ጥበቃው ከኋላዬ አሻግሮ አየ።

«ዛሬ ረዳት ይዘሽ መጣሽ?»

«የምን ረዳት?»

«ያቺ ከኋላሽ የገባችው...»

ዞርኩ። ማንም የለም።

ቦርሳዬን ስከፍት ሰንሰለቱ ሞቆ ነበር። ጠዋቱ ብርድ ነው። ከፀሐይ ነው ብዬ ተውኩት... ግን ቦርሳዬ ጥላ ውስጥ ነበር።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ደወሉን ተጫንኩ።

ሠራተኞቹ እየተሳሳቁ በፊተኛው ደረጃ ወረዱ። ኮሪደሩ መሃል ማሽኑን ከፈትኩት። ነጭ ጭስ ከፊተኛው ደረጃ እስከ ቢሮው ድረስ ሞላ። እኔም ወርጄ፣ ሕንፃውን ዞሬ፣ በብረቱ ደረጃ ወጣሁ። የሁለቱን ተካፋቾች እጀታ በሰንሰለት አሰርኩ። ቆለፍኩት።

ጠበቅሁ።

ስልኬ ጮኸ። ሠራተኛ እንድትቆጥር ያዘዝኳት የፈረቃ ተቆጣጣሪዋ ናት፤ በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት።

«አርባ ስምንት ሆኑብኝ» አለች በሹክሹክታ።

«እትዬ፣ አርባ አንድ ናችሁ እኮ።»

«ሦስቴ ቆጠርኩ። መጨረሻ ላይ የቆሙትን ሰባቱን... አላውቃቸውም።»

«ምን ይመስላሉ?»

«ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የቆሙት።»

«አሁን... አሁን ወደ ውስጥ እየገቡ ነው። ልመልሳቸው?»

ስልኩ ተቋረጠ።

ወዲያው እንደገና ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው። አየሁት፤ አላነሳሁም። በበሩ ማዶ ሲሳደብ ይሰማኛል።

ከዚያ በሩን ገፋው። ሰንሰለቱ ተንኳኳ።

«ማነው ያሰረው? ክፈቱ!»

አፌን ወደ ስንጥቁ አስጠጋሁ።

«የድሮውን ማን ነበር ያሰረው?»

«አንቺ ማነሽ?»

«መልስልኝ። ማን ነበር ያሰረው?»

«እኔ አይደለሁም! ያቺ ሴትዮ ናት! ክፈቺ ነው የምልሽ!»

አዬ! እዚያም ሆኖ ይዋሻል። «ቁም እንግዲህ» አልኩ በሆዴ። ደስ አለኝ። አልደብቃችሁም፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ከእኔ ጋር መነጋገሩን ተወ።

«እናንተ... በየት ገባችሁ?»

ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ እርምጃው ተሰማኝ።

«አትጠጉኝ። ሴትዮ... አትጠጊኝ አልኩ!»

የመድረክ ጭስ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። አሁን ግን ሌላ ነገር ሸተተኝ። የተቃጠለ ጨርቅ። በበሩ ሥር ጭስ ወጣ... ነጭ አይደለም፣ ጥቁር ነው።

የእጄን ጀርባ በሩ ላይ አደረግሁ።

እንደ ምጣድ ግሏል።

እዚያ ሕንፃ ውስጥ እሳት የለም! ክብሪት እንኳ የለም! ቁልፉን አወጣሁ። የፈለግሁት ላስደነግጠው እንጂ ላቃጥለው አይደለም። ቁልፉን ከተትኩ...

«ጩጬ።»

ድምፁ ከውስጥ ነው። ከስንጥቁ ሥር፣ ከጆሮዬ ትይዩ። ጎንበስ ያለ ሰው ድምፅ።

«ጩጬ... ተይ። ገና ነው።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ማንም እጄን አልያዘኝም። ምንም አላሰረኝም። ቁልፉ ገብቷል፤ ማዞር ብቻ ነው የቀረኝ።

አላዞርኩትም።

እሱ ውስጥ ይጮኻል። ቆየት ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ እንደ ልጅ እናቱን ተጣራ። እኔ ግን ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቆሜ አዳመጥኩ። እናቴን አሰብኩ... ያን የተዘጋ መጋረጃ አሰብኩ።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።

«በቃ። አሁን ክፈቺ» አለች እህቴ።

ከፈትኩት።

ኮሪደሩ ንጹሕ ነው። ትንሽ ነጭ ጭስ ጣሪያው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ እሳት የለ፣ ጥላሸት የለ። ሥራ አስኪያጁ ወለሉ ላይ በእንብርክኩ ነው። ሸሚዙ አልቆሸሸም። ክራቫቱ እንኳ አልተፈታም።

እጆቹን ዘረጋልኝ።

ሁለቱም መዳፎቹ ተቃጥለዋል። የሰንሰለቱ ቀለበቶች አንድ በአንድ፣ ተራ በተራ፣ ሥጋው ላይ ታትመዋል።

ሰንሰለቱ ግን ሁልጊዜም በእኔ በኩል ነበር። እሱ አልነካውም። የነካሁት እኔ ነኝ፤ የእኔ እጅ ላይ ምንም የለም።

ምንም ሳይለኝ አልፎኝ በብረቱ ደረጃ ወረደ። ግቢው መሃል ቆመ። ሠራተኞቹ ሳቃቸውን አቆሙ።

«የድሮውን በር ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ቁልፉ ኪሴ ነበር። እሷ ፍታው ብላኛለች። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሰባቱንም በየስማቸው ጠራ። ሲቀጥራቸው እንኳ ስማቸውን የማያውቅ ሰው... ከነአባታቸው ስም ጠራቸው። ጨርሶ እንደገና ጀመረ። ፖሊስ መጥቶ መኪና ውስጥ እስኪያስገባው ድረስ አላቆመም።

እትዬ አጠገቤ መጥታ ክንዴን ጨበጠችኝ።

«አሁን አርባ አንድ ናቸው» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

እኔም ለፖሊስ ያደረግሁትን ተናገርኩ። ከሥራ ተባረርኩ፤ የእኔም ጉዳይ ፍርድ ቤት ነው። ይሁን። የስፌት መኪና ጠጋኙም በመጨረሻ ሄዶ ቃሉን ሰጠ።

በሳምንቱ ስድስቱ እናቶች ቤታችን መጡ። ያቺ ክፉ ቃል የተናገረችው ደጃፉ ላይ ተደፋች። እናቴ ግድግዳ ይዛ ተነስታ ቁልቁል አየቻት።

«ተነሺ» አለቻት። «ተነሺ... ግን ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ።»

አላቀፈቻትም። እንዲገቡ ግን መንገድ ለቀቀችላቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ሐኪሞች አእምሮው ታውኳል ስላሉ ሥራ አስኪያጁ ፍርዱን ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል። ባለፈው ሐሙስ ሚስቱ ደወለችልኝ።

«እህቴ፣ ባትወጂንም ነይ። የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ። እኔ መሸከም አቃተኝ።»

መሄድ አልነበረብኝም። ልስቅበት ነው የሄድኩት። እውነቴን ነው።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረስኩ። ሚስቱ ከስታለች። እጄን ይዛ ወደ ሳሎኑ ደጃፍ ወሰደችኝ፤ እኔ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

«ዝም ብለሽ እዪ» አለችኝ በሹክሹክታ።

እሱ ከክፍሉ ማዶ፣ ባዶ ግድግዳ አጠገብ ቆሟል። ምንም የሌለበት፣ የተለሰነ ነጭ ግድግዳ። ልብሱን በሥርዓት ለብሷል። አንድ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ትልቅ ሰው እንደሚያሳልፍ ጎንበስ ብሏል።

«ይለፉ» አለ።

ጥቂት ጠበቀ።

«ይለፉ... እርስዎም ይለፉ...»

«ቀኑን ሙሉ ነው» አለችኝ ሚስቱ እንባዋን እየጠረገች። «ሰው ከዚያ የሚወጣ ይመስለዋል።»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን ምንጣፉ ላይ አረፈ።

ወፍራም፣ ፀጉራም ምንጣፍ ነው። ከግድግዳው ሥር ጀምሮ ፀጉሩ ሰው እንደረገጠው ተጫነ... ቀና አለ። ከዚያ አንድ እርምጃ ቀረብ ብሎ ተጫነ... ቀና አለ።

ሚስቱ እያየች አይደለም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

እሱ ቀና ብሎ አየኝ። ከገባሁ ጀምሮ ያን ጊዜ ነው ያየኝ። አስተያየቱ ላይ ጥላቻ የለም። ያዘነልኝ ይመስላል።

«መንገድ ልቀቂላቸው» አለኝ በቀስታ።

ምንጣፉ ተጫነ። ጫማዬ ጫፍ ሊደርስ አንድ እርምጃ ቀረው።

ከደጃፉ ገለል አልኩ።