በግድግዳው በኩል ያለው ጎማ

ይህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ስቄ አልፈው ነበር። ግን ያየሁት እኔ ነኝ። ወንድሜም ምስክሬ ነው።

ጨለማ እንኳ አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ፀሐዩ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል።

የታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ከቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ መጠለያ ቆሟል። ግራ ጎኑ ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረው። በዚያ ክፍተት ድመት ታልፍ ይሆናል እንጂ ሰው አያልፍም።

መኪናው ከኋላው ድምፅ ያሰማል። ወንድሜ ደግሞ አመሻሹ ላይ ቲማቲም ጭኖ ያንን ረጅም ቁልቁለት ሊወርድ ነው።

"ይሂድ" ወይም "ይቅር" የምለው እኔ ነኝ። ውጭ አገር ስለ መኪና ተምሬ ከተመለስኩ ወር አልሞላኝም። ከተሳሳትኩ የምቀብረው ወንድሜን ነው።

የኋላውን በክሪክ አንስተን ብረት ደገፍንበት። ወንድሜ ጋቢና ገብቶ ሞተሩን አስነሳና ማርሽ አስገባ። እኔ ከስር ተኝቼ የካቻቢቴውን ጫፍ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች በሚያካፍለው ዲፈረንሻል ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

"ምን አለህ ዶክተር? ልቡ ይመታል?"

"ዝም በል ጋሼ..."

ነዳጅ ሲሰጠው ብቻ ቢጮህ፣ ጥርሱ ነው። ሁልጊዜ ቢጮህ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው። የተማርኩት እንዲህ ነው።

ይሄ ግን ከሁለቱ አንዱም አይደለም።

አፉን ዘግቶ እንደሚያንጎራጉር ሰው ነው... እኔ ትንፋሼን ስይዝ እሱም ይቆማል።

"አጥፋው!"

አጠፋው። ድምፁ ግን ከሞተሩ ትንሽ ቆይቶ ቆመ።

መኪናው ማርሽ ውስጥ ነው። እንዲህ ሲሆን አንዱን ጎማ ወደፊት ብታዞር ሌላው ወደኋላ ይዞራል። የቀኙን ያዝኩና ገፋሁ።

እምቢ አለ።

"ጋሼ፣ የግራውን ልቀቀው።"

"የቱን?" ድምፁ የመጣው ከጋቢና ነው። "እኔ እዚሁ ቁጭ ብያለሁ።"

ያኔ ጎማው እጄ ላይ ላላ... አንድ ሰው እንደለቀቀው።

ድካም ነው አልኩ። ምክንያት ፈለግኩ። የዲፈረንሻሉን ዘይት አፈሰስኩ፤ የብረት ፍቅፋቂ የለውም። ክዳኑን ከፈትኩ፤ ጥርሶቹ ሁሉ ደህና ናቸው።

"እንግዲህ ምንም የለውም" አለ ወንድሜ። "መልሰህ ግጠምልኝ። ቲማቲም አንተን አይጠብቅም።"

ላብ ጀርባዬን አጠበው። "አንድ ነገር ብቻ ልይ።"

የቀኙን ጎማ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ስቤ አወጣሁና መሬት ላይ አጋደምኩት። ጎማው ቦታው ላይ ነው፤ ግን ከእንግዲህ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ብታዞረው ብቻውን ነው የሚዞረው። እሱን በማዞር የግራውን ፈጽሞ ማነቃነቅ አይቻልም።

ወንድሜን የቀኙ ጎማ ጋ አቁሜ ወደ ግራው ጎን ዞርኩና በስልኬ መብራት ክፍተቱን አየሁ። ጎማው አቧራ ለብሶ ቆሟል።

"አሁን የቀኙን አዙረው!"

የግራው ዞረ... ወደኋላ... ቀስ ብሎ።

"ጋሼ... ተወው።"

"ምኑን?"

"ማዞሩን!"

"ከተውኩት ቆየሁ እኮ።"

ዘወር ስል ከአጠገቤ ቆሟል። እጁን እየጠረገ ነበር። ዓይኑ ክፍተቱ ውስጥ ሲገባ እጁ ቆመ።

ጎማው አሁንም ይዞራል።

"አልሄድም" አለ በሹክሹክታ። ለማን እንደሚናገር እንጃ። "ሰማህ? አልሄድም።"

ጎማው ቆመ።

መብራቱን አስጠጋሁ። አቧራው ላይ አራት ቀጭን መስመሮች አሉ፤ ጎን ለጎን፣ ጣቶች ያለፉበት ይመስል። ቅድም አልነበሩም።

ወንድሜ ክንዴን ጨመቀኝ።

ከአራቱ ዝቅ ብሎ፣ ዓይናችን እያየ... አምስተኛው መሰመር ጀመረ።