የአህያዋ ጌም

ጌም ሠሪው ወጣት ገላው አንድ ጠዋት ብቸና ከተማ፣ ዘመነ በከፈተው ጌም ቤት ውስጥ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ እጁ ሥር እንዳለ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ጸደንያ ተጠርታ ስትደርስ መጀመሪያ የተቀበላት የካልሲ ግማት ነው። ወንበሩ ሥር የታኘከ ማስቲካ ተለጥፏል፤ ጆይስቲኩ በሰው ላብ ወዝቶ ይጣበቃል። ከሁሉ ያንገሸገሻት ግን በር ላይ ተኮልኩለው «ዛሬ አይከፈትም እንዴ?» የሚሉት ጎረምሶች ናቸው። አስከሬኑ ገና አልተነሳም።

ሰው ሁሉ በአሮጌው ገመድ ፈርዶ ጨርሷል። ዘመነ በቸልተኝነቱ ሊታሰር ነው። ጸደንያ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ጎንበስ አለች። አሮጌ ገመድ ይሰነጣጠቃል፤ ይኼኛውን ግን ሰው እንደ ሸንኮራ በምላጭ ልጦታል።

ዘመነን ጠየቀችው። ገላው ራሱ የሠራውን ጌም፣ አህያ ጭኖ ሮብ ገበያ መድረስን፣ ሲጫወት፣ እሱ ትናንት አመሻሽ ላይ እዚሁ ትቶት እንደወጣ ነገራት። የጌም ማሽኑን ከፈተችው። የአህያዋ ጌም የለም። በቦታው የፈረስ ሥዕል ያለበት፣ «የባምላኩ ሥራ» የሚል ጌም ተቀምጧል።

ባምላኩ የገላው ጓደኛ ነው፤ ሞጣ ለሚደረገው የወጣቶች ውድድር ጌም አስመዝግቧል። መርዶውን ሰምቶ ከሞጣ መምጣቱን ተናግሮ ከሁሉ በላይ ያለቅሳል። የጌሙን ፍላሽ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ጸደንያ ይህን አይታ ፊቷን አዞረች።

ከሰዓት በኋላ፣ አስከሬኑ እንደተነሳ፣ ሦስቱን፣ ዘመነን፣ ባምላኩንና የሟቹን እህት ሉሊትን፣ እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ጌምህን እዚህ ማን ጫነው?» አለችው ባምላኩን።

«እኔው፣ ባለፈው ሳምንት። ፍላሹን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ብቸናን አልረገጥኩም።»

«ሉሊት፣ ጌም ሲሠራ ወንድምሽን ታግዢው ነበር፤ ማሽኑ ላይ የሚጫነው ፓኬጅ ምንድን ነው?»

«ጌሙ፣ ስሙና ሥዕሉ አንድ ላይ የታሰሩበት ፋይል ነው። ውስጡ መለያ ቁጥር አለ፤ ማሽኑ የሚያውቀው እሱን ነው። ስምና ሥዕል ቢቀየርም ቁጥሩ አንድ ከሆነ፣ አዲሱ አሮጌውን አጥፍቶ ቦታውን ይይዛል።»

«እስቲ የወንድምሽን ጫኚ።»

ሉሊት እሷ ዘንድ የቀረውን ቅጂ ጫነች። ፈረሱ ጠፋ፤ አህያዋ መጣች።

ጸደንያ ወደ ባምላኩ ዞረች። «የገላውን ጌም ሰርቀህ ስምና ሥዕሉን ቀየርክ፤ ቁጥሩን ረሳኸው። ያንተ ባለፈው ሳምንት ተጭኖ ቢሆን ኖሮ፣ ወይ ገላው ትናንት የአህያዋን መጫወት አይችልም፣ ወይ ፈረሱ ዛሬ እዚህ አይገኝም ነበር። ስለዚህ የጫንከው ዘመነ ከወጣ በኋላ ነው። ገላው በሕይወት እያለ ደግሞ የገዛ ሥራው ሲጠፋ ዝም ብሎ አያይም፤ የጫንከው ገመዱን በምላጭ ልጠህ ከገደልከው በኋላ ነው።»

ባምላኩ እንባውን ጠረገ። «የኔም ቀድሞ እዚህ የነበረ እንዲመስል ነው የጫንኩት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚቀመጡ መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ውድድሩ ላይ ሌባ ብሎ ሊያዋርደኝ ነበር እኮ።»

ዘመነ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጸደንያ የባምላኩን ክንድ ላለመንካት ካቴናውን በጫፉ ይዛ አሰረችው።

ሉሊት ጌሙን ከፈተች። ማሽኑ ጨዋታው የደረሰበትን በመለያ ቁጥሩ መዝግቦ አስቀምጦት ኖሯል፤ አህያዋ ገላው ትናንት ባቆማት ቦታ፣ ሮብ ገበያ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ እንደተጫነች ቆማለች። ከበሩ ላይ አንዱ ጎረምሳ አንገቱን አስግጎ «ተከፈተ?» አለ።