የአያልሰው ሁለተኛ ዓይን

አትጠገብ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ወንቃ መድኃኔዓለም ትወጣለች። ቁልፉን ከቄሰ ገበዝ ውቤ እጅ ትቀበላለች፤ ጫማዋን ከደጃፉ ድንጋይ አጠገብ ታወልቃለች፤ በስተደቡብ ያለውን ከባድ የዋንዛ በር በትከሻዋ ገፍታ ትገባለች። ጣሪያው እየታደሰ ስለነበር ታቦቱ ከክረምቱ በፊት ወደ ጎረቤት ደብር በእንግድነት ሄዷል፤ አናጢዎቹም ሥራቸውን ጨርሰው ወርደዋል። ስለዚህ በዚያ ክብ ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። መስኮቶቹ ጠባብ ናቸው፤ ውጭ ፀሐይ ብታቃጥልም ውስጡ እንደ ጎተራ ይጨልማል፤ የጧፍ ሰም፣ የሌሊት ወፍ ኩስና የሙጫ ሽታ አንድ ላይ ተዋሕደው ጉሮሮ ላይ ይቀመጣሉ። ፋኖሷን ትለኩሳለች፤ ባሏ የሠራውን የእንጨት ርብራብ ወጥታ ቀለሟን ታሰናዳለች።

የመቅደሱ ግድግዳ በአራቱም ጎን በሙጫ በተለጠፈ አቡጀዲ የተሸፈነ ነው። ሦስቱን ጎን ሠዓሊ አያልሰው በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ብቻውን ሥሎ ጨርሶታል። በአራተኛው፣ በምዕራቡ ላይ፣ የፍርድን ቀን ጀምሮ ሳለ ሳንባው ደከመና ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ሞተ። አትጠገብ አቡጀዲውን ስትለጥፍለት፣ ቀለሙን ስትበጠብጥለት፣ ከሥዕሎቹ ጀርባ የሚሆነውን ብጫ መደብ ስትቀባለት የኖረች ሚስቱ ናት፤ የእጁን አካሄድ ከራሷ እጅ ይልቅ ታውቀዋለች። የቀረው ሥራ ጥቂት ነው። የመላእክቱን ልብስ ጨረሰች፤ መደቡን ሞላች። አሁን የቀረው አንድ ፊት ብቻ ነው፤ የሠዓሊው የራሱ ፊት።

ክርክሩ ሁሉ በዚህ ፊት ነበር። ሠዓሊ ከሥዕሉ ግርጌ መልኩን ማኖሩ የቆየ ልማድ ነው። ሌላም ልማድ አለ፤ የወንቃ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፦ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ የሄሮድስ ወታደርና የእነሱ ወገን ሁሉ ግን በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል።

«በሁለት ዓይን?» ብለው ነበር የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ጓንጉል፣ አትጠገብ ልመናዋን ይዛ የቀረበች ዕለት። «ልጄን አሳልፎ የሰጠ ሰው እዚያ ቆሞ ሳስቀድስ በሁለት ዓይኑ ሊያየኝ ነው?»

«እሱ አልጠቆመም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

አትጠገብ የነጠላዋን ጫፍ አጣጠፈች።

«በሉ ተዉ፤ ሙት ወቃሽ አያድርገን» አሉ ቄሰ ገበዝ ውቤ። «ትጨርሰው። ታቦቱ ጥቅምት ሃያ ስድስት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ብሩሽ የያዘ ሰው ወደዚያ ግድግዳ አይጠጋም።»

«በመግቢያው ዋዜማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ አየዋለሁ» አሉ አቶ ጓንጉል ከመቀመጫቸው እየተነሡ። «ካላመንኩበት በኖራ አስጠፋዋለሁ። ይኸው ነው።»

ነገሩ የሰባው ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ ሁለት ልጆች፣ የአቶ ጓንጉል ልጅ ልየውና ጓደኛው አበረ፣ ከአብዮት ጥበቃዎች ሸሽተው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ውስጥ ተደብቀው ነበር። አያልሰው እዚያው ይሥል ስለነበር በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ቆሎ እየደበቀ ያቀብላቸው ነበር። አንድ ቀን ጥበቃዎቹ ባልና ሚስቱን ወደ ቀበሌ ወሰዷቸውና በተለያየ ክፍል አስቀመጧቸው። በማግስቱ ልጆቹ ተይዘው ከጣሪያው ወረዱ፤ ገበያው መሐል ተረሸኑ። አያልሰው በዚያው ቀን ተፈታ፤ ሚስቱን ግን ከሳምንት በኋላ ለቀቋት። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ወንቃ ውስጥ «እንዴት አደርክ» ያለው ሰው የለም። በአንድ ቃል እንኳ ራሱን አልተከላከለም። ቤቱም ገብቶ አላወራም። አትጠገብ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልጠየቃት።

ሁለተኛውን ዓይን የሣለችው በጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። ጥቁሩን ክብ አሰመረች፤ ነጩን ሞላች፤ ቅንድቡን እንደ ቀስት አጎበጠች። አያልሰው ብዙ ዓመት ከርሞ ከመንገድ እንደ ተመለሰ ሰው ከግድግዳው ላይ ቀና ብሎ አያት። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትወርድ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ምሳዋን ተርባ በላች።

በማግስቱ ዓይኑ አልነበረም።

ተፍቆም፣ ወርዞም አልነበረም። በቦታው ላይ የፊቱ ቀለም ተቀብቷል፤ ያ ብቻ። ቀለሙ ቢበላሽ ነው ብላ ሌላ ቆርቆሮ ከፈተችና ደግማ ሣለችው። በማግስቱ እንደገና ጠፋ። ሰው ነው አለች። ቁልፉን ለቄሰ ገበዝ መመለስ ትታ ካንገቷ ጋር አሰረችው፤ በበሩ መቃንና መቃን መካከል ጥቁር ክር ወጠረች። ጠዋት ክሩ እንደ ተወጠረ አገኘችው። ዓይኑ ግን የለም።

ወደ ቄሰ ገበዝ ሄደች። ደጀ ሰላሙ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«አባቴ፣ ሰው እየገባ ሥራዬን ያበላሽብኛል። ዓይኑን ያጠፋዋል።»

«የእኔም ዓይን እየጠፋ ነው፤ ስትመለሺ እኔንም ቀቢኝ» ብለው ሳቁ። እንዳልሳቀች ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት። «ልጄ፣ ቁልፉ አንድ ነው። እሱም አንገትሽ ላይ ነው።»

«ታዲያ እኔ ነኝ የማጠፋው?»

«እንደሱ መቼ ወጣኝ? ንስሐ አባትሽ ማን ነበሩ?»

«ሞተዋል።»

«ሌላ ያዢ እንግዲህ። ይህን ያህል ዓመት ያለ ንስሐ አባት ይኖራል?»

ዞር ብላ ተመለሰች። ስለ ቀለም ሲጠየቁ ስለ ንስሐ የሚመልሱ ሽማግሌ! በሩን በንዴት ስትገፋው ድምፁ ክቡን ቤት ዞሮ ወደ እሷ መጣና ከጀርባዋ አለቀ።

ያን ቀን ፋኖሱን ወደ ፊቱ አስጠግታ ዓይኑ የነበረበትን ቦታ በጣቷ ዳሰሰች። ቀለሙ ደርቋል፤ የትናንት ቀለም እንደሚደርቀው ሳይሆን የሃያ ዓመት ቀለም እንደሚደርቀው፣ ጠጥሮ፣ ስንጥቅጥቅ ብሎ። የብሩሹን ዱካ ተከተለች። ከቀኝ ሥር ተነሥቶ ወደ ግራ ወደ ላይ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይጠመዘዛል። አያልሰው ግራኝ ነበር። ይህን የጫፍ ጥምዝ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስታየው ኖራለች።

ብሩሿ ከእጇ ወድቆ ከርብራቡ ሥር ጨለማ ውስጥ ገባ። ሲያርፍ አልተሰማም።

«ምን ሆነሃል?» አለች ወደ ግድግዳው። ድምፅዋ ከፍርሃት ይልቅ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ይመስል ነበር። «ለአንተ ብዬ እኮ ነው! ሰው ፊት የማቆምህ ለማን ብዬ ነው?»

አቡጀዲው፣ ነፋስ በሌለበት፣ ቀስ ብሎ ተነፋና ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ያኔ ነው ከላይ፣ ከአዲሱ ጣሪያ ውስጥ፣ ድምፁን የሰማችው። አንድ ሰው ቆሎ ይቆረጥማል። እንዳይሰማ ፈርቶ፣ አንዲቷን ፍሬ በጥርሱ ይዞ ይቆያል፤ ቀስ ብሎ ይሰብራታል፤ ያዳምጣል፤ እንደገና አንዲት ፍሬ። ትንሽ ቆይቶ ከሌላ አቅጣጫ ሌላ ጥርስ መለሰለት። አትጠገብ አይጥ ነው አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው። ድምፁ፣ አይጥ የተባለው ሰው እንዳፈረ ሁሉ፣ ጸጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ትግል ሆነ። በጠዋት የሣለችውን ማታ ታጣዋለች፤ ዓይን ብቻ መሆኑም ቀረ። አፍንጫው ወደ ጎን ወጣ፤ አገጩ ተከተለው፤ ጆሮው መጣ፤ ፊቱ በየቀኑ የጣት ስፋት ያህል እየዞረ ሄዶ በመጨረሻ ፍጹም በጎን ሆነ፤ እንደ ይሁዳ። አለቀሰች፤ ከእንባው ይልቅ ንዴቱ አየለባት። ይህን ያህል ቀን ስትለፋ የሠራችው ነገር ቢኖር አቶ ጓንጉል የፈለጉትን መልክ ነው። ከርብራቡ ወርዳ፣ ራቅ ብላ፣ ፋኖሱን ከፍ አድርጋ ስታየው ግን ሌላ ነገር ገባት። አያልሰው እንደ ተኮነነ ሰው ፊቱን ከሕዝቡ አልሸሸም። የሆነ ነገር እያየ ነው። ከጎኑ ያለውን ባዶ ብጫ መደብ፣ እሷ ራሷ የቀባችውን፣ አንድ ሰው የሚያቆም ያህል ሰፊ የሆነውን ክፍት ቦታ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ያያል።

በማግስቱ ብጫው ላይ የቀሚስ ጠርዝ ነበር።

በብጫ ሸፈነችው። ቀጥሎ ባለው ቀን ጠርዙ ከሁለት ባዶ እግሮች ጋር ተመለሰ። ሸፈነችው። ግራጫ ሹራብ መጣ፤ ሦስተኛው ቁልፉ የለም። አትጠገብ ዝቅ ብላ ደረቷን አየች፤ የለበሰችው ሹራብ ሦስተኛ ቁልፍ ከነሐሴ ጀምሮ የለም። የብጫው ቀለም አለቀ።

ዋዜማው ደረሰ። ጠዋት ስትገባ ቤቱ እንደ ወትሮው አልሸተታትም፤ እርጥብ ቀለም ብቻ ይሸታል፤ ሽታው ከግድግዳው ሳይሆን ከገዛ ልብሷ የሚመጣ ይመስላል። ወደ ሥዕሉ ቀረበች። ሹራብ፣ ትከሻ፣ አንገት፤ ከአንገቱ በላይ ገና ባዶ ነው። ከላይ የቆሎው ድምፅ ተጀመረ። አሁን የሚፈራ ድምፅ አይደለም፤ ሁለቱም ያለ ይሉኝታ ይቆረጥማሉ።

«እኔ ነኝ» አለች አትጠገብ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ድንጋይ ከበዳት። ይህን ሁሉ ዓመት ለማንም አላለችውም፤ ለንስሐ አባቷም ጭምር።

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው። አንተም ታውቅ ነበር፤ ታውቅ እንደነበረም አውቃለሁ። ወረቀቱን አምጥተው ፈርሚ፣ ባልሽ ዛሬውኑ ይወጣል አሉኝ። ጣሪያው ውስጥ ናቸው አልኳቸው። አንተ ስትወጣ ሰዉ ሁሉ በአንተ ፈረደ፤ አንተም ዝም አልክ፤ እኔም ዝም አልኩ። በቃ። አሁን ለአንተ ነገርኩህ። ለእነሱ ግን አልናገርም። ብናገር የት እኖራለሁ? ማን ውኃ ያቀብለኛል? ዓይንህን ተቀበለኝና ይብቃን።»

ከላይ መቆርጠሙ ቆመ።

ብሩሿን አነሣች። በአንድ ትንፋሽ ፊቱን ወደ ፊት መልሳ፣ ሁለተኛውን ዓይን ሣለችው። ጠበቀች። አልጠፋም። እስከ ቀትር ጠበቀች፤ ከቀትርም በኋላ ጠበቀች። አያልሰው ሙሉ ፊቱን አዙሮ፣ በሁለት ዓይኑ፣ ሰዎች ቆመው በሚያስቀድሱበት በኩል ወደ ፊት ያያል። ደረቷ ውስጥ ታስሮ የነበረው ነገር ተፈታ። አሸነፍኩ አለች በልቧ፤ ስሙን አጠራሁለት፤ የእኔም ምሥጢር ከእኔ ጋር ቀረ።

ደክሟት ነበር። ከርብራቡ መቼ እንደ ወረደች አላስታወሰችም፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆማለች፤ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፤ ሙጫው ሹራቧን ይዞ ሳይሆን አይቀርም፤ አልለቅ አላት። ትንሽ ልረፍ ብላ ተወችው። የባሏን ትከሻ በቅርብ ታየዋለች፤ በጣም በቅርብ።

በሩ ተከፈተ። የቀን ብርሃን ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ አቶ ጓንጉልና ቄሰ ገበዝ ውቤ ገቡ። በሩን እሷ ከውስጥ ቆልፋው አልነበረም እንዴ? ልትጠይቃቸው አሰበች። አቶ ጓንጉል ፋኖሷን ከርብራቡ ሥር አንሥተው ወደ ግድግዳው መጡ። አጠገቧ ሲደርሱ ሰላም ልትላቸው ፈለገች፤ እሳቸው ግን አልፈዋት ከአያልሰው ፊት ቆሙ።

«ሁለት ዓይን አለው» አሉ።

«አለው» አሉ ቄሰ ገበዝ።

አቶ ጓንጉል ፋኖሱን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ፋኖሱ ወደ እሷ ዞረ፤ ብርሃኑ አንዱን ጉንጯን ብቻ አሞቀው።

«ይቺስ?»

ቄሰ ገበዝ ቀረብ ብለው የደከመ ዓይናቸውን አጠበቡ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ ትሰማለች።

«በአንድ ዓይን» አሉ አቶ ጓንጉል። ድምፃቸው ተሰበረ። «አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለዚያ ሰው የእግዜር ሰላምታ ነፈግሁት። እንዲህ አድርጋ ከምትሥለው ምናለ በአፏ ብትነግረኝ?»

«አትጠገብ!» ብለው ተጣሩ ቄሰ ገበዝ ወደ ጨለማው። «ልጄ! የት ነሽ?»

እዚህ ነኝ ልትላቸው ሞከረች፤ አንገቷን ልታዞር ሞከረች። የሚታያት የባሏ ትከሻና ብጫው ብቻ ነበር።

አቶ ጓንጉል እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ነኩ፤ ጣታቸውን አነሡ፤ መልሰው አሳረፉት፤ «ቄሰ ገበዝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄ ቀለም ይሞቃል።»