አራት ሰማያዊ ክቦች

ጋሽ ብሳው በገዛ ጥራዝ ቤቱ ወለል ላይ ተንጋሎ ነበር፤ ከእንግዲህ አይነሣም። ከበላዩ፣ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ፣ ወረቀት የሚከማችበት የእንጨት ቆጥ አለ፤ መከታው ከጉልበት ብዙም አያልፍም። ጠረጴዛው ላይ ባለ ስድስት ቀለበት አጀንዳው ተከፍቷል። በተከፈተው ሰማያዊ ገጽ ላይ በራሱ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ከእንግዲህ መቀጠል አልችልም። አስቤበት የወሰንኩት ነው። ማንም ማንንም አይውቀስ።»

«አለቀ» አለ ሃምሳ አለቃው። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ቀርቶታል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣ መዝገብ ሁሉ የሰው እንጂ የእሱ አይመስለውም። «ከላይ ራሱን ጣለ። መዝገቡንም ሟች ራሱ ዘግቶልናል።»

«ቆይ እስቲ» አለች ኢንስፔክተሯ።

በዚህች ቃል የተነሣ ጣቢያው በሙሉ «ኢንስፔክተር ቆይ» ይላታል። ባሏ ለጋብቻ ሲጠይቃት እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ «ቆይ እስቲ» ስትለው ኖራለች እየተባለ ይወራል፤ እሷም አላስተባበለችም።

ሟቹም ስሙን ያገኘው ከአመሉ ነበር። የሐኪም ማዘዣ ይሁን የሰርግ ጥሪ፣ እጁ የገባውን ወረቀት ሁሉ «ብሳው!» ይልና በስድስት ቀዳዳ አጀንዳው ውስጥ ይከተዋል። ብጣሽ ወረቀት እንኳ ሜዳ ላይ ትቶ አያውቅም።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ሰማያዊውን ገጽ አየችው። ከሌሎቹ ገጾች በሁለት ጣት ያጥራል። መሃሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው የእጥፋት መስመር አለ። ከስድስቱ ቀዳዳዎች መሃለኞቹ አራቱ ጥርት ያሉ ክቦች ናቸው፤ የላይኛውና የታችኛው ግን ጠርዛቸው ተቀዷል፤ በእስክርቢቶ ጫፍ የተወጉ ይመስላሉ።

«እጁ ተንቀጥቅጦ ነዋ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ሊሞት የወሰነ ሰው እጁ እንደ ጸሐፊ አይረጋም።»

«ጽሑፉ ግን ረግቷል» አለችና አጀንዳውን ዘጋችው። ያለምንም ግፊት ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

ልጅየዋ ደጃፉ ላይ፣ የተቆለለ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። ሩቅ አገር ምህንድስና ተምራ ከተመለሰች ሦስት ወሯ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አባቷን ልታይ መጥታ አስከሬን ያገኘችው እሷ ናት።

«ገጹን አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።» ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ትናንት ተጣልተናል። ሳይነግሩዎት ልንገርዎት።»

«በምን?»

«በመብሻው። አጀንዳው ውስጥ፣ ቀለበቶቹ ሥር የሚገጠም ወረቀት መብሻ ለመሥራት ስድስት ዓመት ለፍቷል። ሰው የትም ቢሆን ያገኘውን ወረቀት እዚያው በስቶ እዚያው እንዲያስገባ። ትናንት አምጥቶ አሳየኝ። ወፍራም ከመሆኑ የተነሣ አጀንዳው አይዘጋም! ‹አባዬ፣ ይሄ አጀንዳ ነው ወይስ ጡብ?› አልኩት።»

«ይሄማ ቀልድ ነው።»

«በዚያ ባበቃ! ‹መሃሉን ብቻ ለመጫን ብለህ ብረት ቆልለህበታል። ሁለቱን ጫፍ ቢጫኑት በግማሽ ይቀጥን ነበር። ይሄን ለማየት ስድስት ዓመት?› አልኩት። አጀንዳውን ብብቱ ውስጥ ከቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በሕይወት አላየሁትም፤ ማታ ሲገባ ተኝቼ ነበር፣ ጠዋት ስነሣ ወጥቷል።» ቀና አለች። «እውነቱን ይንገሩኝ። የገደልኩት እኔ ነኝ?»

ኢንስፔክተሯ ማጽናናት አልሆነላትም። የማታውቀውን ነገር ለሰው ሰጥታ አታውቅም።

«አላውቅም፣ ልጄ። ግን ደርሼበት እነግርሻለሁ።»

ተመልሳ ገባችና ከቀለበቶቹ ሥር የተገጠመውን ጥቁር ብረት፣ መብሻውን፣ ነቅላ አወጣችው። እንደ ማስመሪያ የሳሳ ነው። ከሥሩ ቀጭን መሳቢያ አለ፤ መሳቢያው ላይ ስድስት ጥቃቅን ጉድጓዶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ የመብሻው መርፌ ሥር አንድ። ከወረቀቱ ተቆርጠው የሚወድቁት ክቦች የሚከማቹት እዚያ ነው። በወረንጦ አንድ በአንድ አነሣቻቸው። መሃል ባሉት አራት ጉድጓዶች ውስጥ ከላይ ሰማያዊ፣ በመሃል ቢጫ፣ ከታች ነጭ ክብ አገኘች። በሁለቱ ዳር ጉድጓዶች ግን ቢጫና ነጭ ብቻ።

አጀንዳውን ከዳር እስከ ዳር ገለጠችው። የዕለቱ ቀን የተጻፈበት አንድ ነጭ ገጽ አለ። ቢጫ ገጽ የለም።

«ሃምሳ አለቃ፣ ከወረቀት መቁረጫው ሥር ያለው የቁርጥራጭ በርሜል ይታይሃል? ሁለት ጣት ስፋት ያለው ሰማያዊ ቁራጭ ፈልግልኝ።»

«እዚህ ውስጥ? ኢንስፔክተር፣ ይሄ እኮ በጭድ ክምር ውስጥ መርፌ...»

«መርፌ አላልኩህም። ሰማያዊ ነው ያልኩህ።»

ባለ ቶርኖው፣ ብረት ቀራጩ፣ የጥራዝ ቤቱ ግድግዳ ተጋሪ ነው። አጭር፣ ጣቶቹ በግራሶ የጠቆሩ፣ ቃል በቆጠበ ቁጥር የሚከበር የሚመስለው ሰው ነው።

«ዛሬ ሲወድቅ አልሰሙም?»

«ቶርኖ ሲዞር መድፍ ቢተኮስም አልሰማ።»

«መብሻውን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«ብረቱን እኔ፣ አሳቡን እሱ። ትናንት ከሰዓት መጣና ‹ያንን ተወው፣ አዲስ ቅረጽልኝ› አለኝ። እስከ ምሽት ቀረጽኩ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወስጄ ገጠምኩለት። ፊቴ በነጭ ወረቀት ሞከረው፤ ሠራ።»

«አዲሱን ሌላ ማን አየው?»

«ማንም። ከእሱና ከእኔ በቀር።» ቀጥሎም ጨመረበት፦ «ሌላ ሰው ሳይነግርዎት፤ ባለፈው ሳምንት ጮኼበታለሁ። ስድስት ዓመት ብረት እየቀረጽኩለት ስሜ የትም አልሰፈረም።»

«ተናደውበት ነበር?»

«አሁንም ተናድጄበታለሁ። መሞቱ ንዴቴን አላበረደውም።»

ሦስተኛው ሰው አመሻሽ ላይ ተጠርቶ መጣ። የሟች ሚስት ወንድም፣ የልጅየዋ አጎት፤ የጥራዝ ቤቱን ዕቃ እየዞረ የሚሸጠው እሱ ነው። ጫማው ያበራል፤ ብብቱ ሥር ለገዢ የሚያሳየውን ወፍራም ናሙና አጀንዳ ሸጉጧል። ሐዘኑም እንደ ንግግሩ የተስተካከለ ነበር።

«የእህቴ ባል ብቻ አልነበረም፣ ወንድሜ ነበር። እህቴ ስትሞት አብረን ነው ያለቀስነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከፋብሪካዎቹ በር ስዞር ዋልኩ፤ እዚህ ደጃፍ ከመጣሁ ሦስት ቀኔ ነው። አይ፣ ቀርቤው በሆነ!»

«አዲሱን መብሻ አይተውታል?»

«አዲስ አለ እንዴ? እኔ የማውቀው እዚህ ውስጥ ያለውን ወፍራሙን ነው።» ናሙናውን መታ መታ አደረገው። ድምፁን ዝቅ አድርጎም ቀጠለ፦ «በሙት ላይ መናገር ነውር ነው፤ ግን ልጅቷ ምላሷ ያቆስላል። ባለ ቶርኖውም ሲዝትበት ሰፈሩ ሰምቷል። እኔ ግን ማንንም አልጠረጥርም።»

«እኔም እንደዚያው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሁሉንም ከመጠርጠር ይሻላል።»

በማግስቱ ረፋድ ሦስቱንም ጥራዝ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሃምሳ አለቃው በሩን ይዞ ቆሟል፤ ጢሙ ላይ አሁንም የወረቀት ብናኝ አለ። የሟች አጀንዳ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አጠገቡ ሦስት ባዶ ወረቀት።

«አንድ አንድ ወረቀት ብሱልኝ» አለች።

ባለ ቶርኖው ቀድሞ ቀረበ። ወረቀቱን አስገባ፣ ሁለት አውራ ጣቶቹን በብረቱ ሁለት ጫፎች ላይ አሳርፎ ተጫነ። ስድስት ቀዳዳ።

ልጅየዋ ቀጠለች። ብረቱን እንዳየችው እጇ አየር ላይ ቀረ። «ይሄ... ይሄ ቀጭን ነው» አለች። ቀስ ብላ ሁለቱን ጫፍ ተጫነች። ስድስት ቀዳዳ።

አጎት ወረቀቱን አስገባና እንደ ወትሮው መሃሉን በመዳፉ ደቆሰው። ወረቀቱን ሲያወጣ መሃል ላይ አራት ቀዳዳ ብቻ፤ ዳርና ዳሩ ላይ ጭረት።

«ተበላሽቷል» አለ።

«አልተበላሸም። ትናንትም ያደረገልዎት ይሄንኑ ነው።»

«ምን ማለት ነው? መሃሉን ስለተጫንኩ ነፍሰ ገዳይ ሆንኩ?»

«ቆይ እስቲ። በእሱ ብቻ ማንም አይከሰስም። ከመጀመሪያው ልጀምር።» ኢንስፔክተሯ መሳቢያውን አወጣችው። «ይሄ መሳቢያ ትናንት ጠዋት ሲገጠም ባዶ ነበር። ከታች ነጭ ክብ፤ ባለ ቶርኖው ፊት የተሞከረው ገጽ ነው፣ አጀንዳው ውስጥ አለ። ቀጥሎ ስድስት ቢጫ፤ ገጹ ግን የለም። ከሁሉም በላይ ሰማያዊ፤ ያውም አራት ብቻ። እንግዲህ የስንብት የተባለው ገጽ የገባው በመጨረሻ ነው፤ ያስገባው እጅም መሃሉን ተጭኗል፤ ዳርና ዳሩ እምቢ ሲለው በእስክርቢቶ ወግቷል። ጋሽ ብሳው ቢጫውን ስድስቱንም አጥርቶ በስቷል። ስድስት ዓመት የፈለገውን ነገር በአንድ ጀንበር አይረሳውም።»

«እጁ ተንቀጥቅጦ...» አለ አጎት።

«የሚንቀጠቀጥ እጅ ወረቀት ይቀዳል እንጂ ከጫፍ ወደ መሃል አይሰደድም። ደግሞ ሰማያዊው አራት ቦታ ታጥፏል። ጋሽ ብሳው ወረቀት ይበሳል እንጂ አያጥፍም፤ በኪስ የሚያዝ ደብዳቤ ሲልክ ካልሆነ። አናቱም ተቆርጧል። ሃምሳ አለቃ!»

ሃምሳ አለቃው አንድ ሰማያዊ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «አራት ሰዓት ሙሉ ፈጅቶብኛል» አለ። «የጡረታዬን ዓይን በልቶታል።»

ቁራጩ ከሰማያዊው ገጽ አናት ጋር ገጠመ። ላዩ ላይ «ለሚስቴ ወንድም፤ የሽርክናችንን ነገር በተመለከተ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ቀደም ብሎ ለእርስዎ የላከው ከሥራ መለያያ ደብዳቤ ነው እንጂ ከሕይወት መለያያ አይደለም» አለች። «ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ እንዲሁ ቢተዉት ኖሮ እኔም አላውቅብዎትም ነበር። ነገር ግን ጋሽ ብሳው ያልተበሳ ወረቀት እንደማይተው ስለሚያውቁ በሱት። ያጋለጠዎት እሱን ማወቅዎ ነው።»

አጎት ናሙናውን ይበልጥ ብብቱ ሥር ሸጎጠው። ኢንስፔክተሯ ያቺን እንቅስቃሴ ነበር የምትጠብቀው።

«ቀዳዳ ያለው ገጽ የሚደበቀው ቀዳዳ ባላቸው ገጾች መሃል ነው። ይስጡኝ።»

ሃምሳ አለቃው ከብብቱ ሥር ወሰደበት። ወፍራሙ ናሙና ውስጥ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ ኋላ፣ ቢጫ ገጽ ተቀምጧል። በአንድ ወገኑ የአዲሱ መብሻ ንድፍ አለ፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ ወደ ታች የሚያመለክቱ ቀስቶች ተስለዋል። በሌላው ወገን ጽሑፍ። የላይኛው ቀዳዳ የአንድ ፊደል ግማሽ ቆርጦ ጥሏል፤ ከመሳቢያው የወጣው ቢጫ ክብ ላይ የዚያው ፊደል ሌላው ግማሽ ነበረበት። ኢንስፔክተሯ ክቡን ቀዳዳው ላይ ስታስቀምጠው ፊደሉ ሞላ።

«ንድፉን ለፋብሪካው የራስዎ አድርገው ሊያቀርቡት ስለፈለጉ አላቃጠሉትም። ቀስቶቹ ግን የት እንደሚጫኑ ይናገሩ ነበር። ሰረቁት እንጂ አላነበቡትም።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!» አለ ሃምሳ አለቃው ለራሱ።

አጎት የሚያበሩ ጫማዎቹን አየ። «ልገድለው አልመጣሁም» አለ በመጨረሻ። «ፋብሪካው ዘንድ የእኔ ሥራ ነው ብያለሁ። ‹አብረን እናድርገው› ልለው መጣሁ። ቆጡ ላይ ሆኖ ገጹን አሳየኝና ሳቀ። ልቀማው ስል... መከታው...»

«የሳቀው በአንተ አልነበረም» አለ ባለ ቶርኖው። ከገባ ጀምሮ የተናገረው ይህንን ብቻ ነበር።

አጎት ተይዞ ሲወጣ ልጅየዋ አልተከተለችውም፤ ቢጫው ገጽ ላይ አፍጥጣ ቀርታለች። ኢንስፔክተሯ ገጹን ወደ እሷ ገፋችላት።

«ትናንት ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸውልሽ።»

ልጅየዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፦

«ልጄ ልክ ልኬን ነገረችኝ። ስድስት ዓመት ያልታየኝን በአንድ ስድብ አሳየችኝ። የሁለት ጫፉ አሳብ የእሷ ነው፤ በእሷ ስም ይመዝገብ። ቀጥሎ የባለ ቶርኖው ስም ይግባ፤ በእሱ በኩል አጥፍቻለሁ። ዛሬ ማታ አጀንዳውን ፊቷ ዘግቼ አሳያታለሁ።»

ባለ ቶርኖው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ በጠቆረ አውራ ጣቱ ዓይኑን ጠረገና ጉንጩ ላይ ግራሶ ቀባ።

ሃምሳ አለቃው ከደጅ ተመልሶ እጁን ዘረጋ። «ገጹ ማስረጃ ነው፤ ይታሸጋል። መዝገቡን እንዝጋው እንጂ፣ ኢንስፔክተር?»

«ቆይ እስቲ።»

ልጅየዋ ስድስቱን ቀለበቶች ከፈተች። ቢጫውን ገጽ ከነጩ ቀጥሎ፣ ቦታው ላይ አስገባች። ከዚያ አጀንዳውን በሁለት እጇ ይዛ ዘጋችው።

ጠቅ አለ።

«ተዘጋ፣ አባዬ» አለች።