የዶክተር ይትባረክ የምርምር ትኩረት

«ሦስተኛውን አጥፊው» አለ ዶክተር ይትባረክ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ዓይኑን በክንዱ እንደሸፈነ።

ወንጌላዊት ጣቷን ከላፕቶፑ አነሳች። አባቷ የሚያስተምርበት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል፣ እያንዳንዱ መምህር የምርምር ትኩረቱን አድሶ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲልክ አዟል። በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ከፎቶው ሥር የሚወጣ ነው። አባቷ «ራሴን አሞኛል» ስላለ መጻፉ እሷ ላይ ወደቀ። ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለባት፤ ግን ማን ጠይቋት!

«የቁንዝላውን? እሱ እኮ ዋናው ሥራህ ነው።»

«ነበር። አጥፊውና 'ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለኤሌክትሪክ ኃይል ሥርጭት' ብለሽ ጻፊ። አሁን ሰው የሚሰማው እሱን ነው።»

ሦስተኛው መስመር «በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የዓሣ ማቀዝቀዣ፣ ለሐይቅ ዳር አጥማጆች» ይላል። ወንጌላዊት የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ለማቀዝቀዣው ምረቃ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ቁንዝላ ድረስ ይዟት ሄዶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከብበው ሲመርቁት፣ እሱም እንደ ሙሽራ ሲሽኮረመም አይታለች። ከዚያማ ምን ቀራት! «የኔ ፋዘር እኮ ቀሽት ነው» እያለች የክፍሏን ልጆች ስታሰለች ከረመች።

ልታጠፋው ስትል የግቢው በር ተንኳኳ። አባቷ ተነሥቶ የመጋረጃውን ጫፍ ገለጠና ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«አቶ ሣህሉ ናቸው፣ ከቁንዝላ። የለም በያቸው። ለሥራ ወጥቷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል በያቸው።»

«ውይ አባዬ!»

«ወንጌል፣ በሞቴ!»

በሞቴ ካለ ምን ይደረጋል? ወጣች።

አቶ ሣህሉ የቁንዝላ አጥማጆች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ ስድሳን አልፈዋል። አንድ ከባድ ነገር በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው እንደ ሕፃን አቅፈውታል።

«እንደምን ዋልሽ የኔ ልጅ። ዶክተሩ አሉ?»

«የለም። ለሥራ ወጥቷል። በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል።» ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ ከአፏ መውጣቱ ራሷን አስደነገጣት።

«ብደውል ብደውል አላነሡ አሉኝ። ኋላ ሌሊት ተነሣሁና ሞተሩን ፈትቼ ይዤ መጣሁ። ማቀዝቀዣው ከጥር ጀምሮ ጸጥ ብሏል።» ከረጢቱን ባንድ እጃቸው ደግፈው ከኮታቸው ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። የቁንዝላ ትምህርት ቤት መምህር ከድረ ገጹ ላይ ያተመላቸው ነው። «ይኸው፣ ስማቸው ከነሥራቸው። ሦስተኛው ላይ እኛ ነን። መምህሩ ሲያነብልን ጊዜ፣ በሉ ባለቤት አለን አልሁ።»

ለእሳቸው ወረቀቱ ማን ለምን ነገር ኃላፊ እንደሆነ የሚናገር የተረኞች ዝርዝር ነው። ወንጌላዊት መሬት መሬት አየች።

«ሁዳዴ ሰኞ ይገባል» አሉ ቀጥለው። «ዓሣ የሚፈለግበት ወቅት እኮ ነው! አንድ ነጋዴ በረዶ የጫነ መኪና ይዞ መጥቶ፣ የጾሙን ዓሣ በሙሉ እኔ ልውሰድ ብሎናል። የሚሰጠን ዋጋ ያሳፍራል። ዛሬውኑ መልስ ስጡኝ፣ እምቢ ካላችሁ ጎርጎራ ወዳሉት አጥማጆች እሄዳለሁ አለ። እኛም የዶክተሩን ቃል እስክንሰማ ብለን አቆየነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከመጡልንማ ማን ይለማመጠዋል! እምቢ እንለዋለን። እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ፣ ነፍሴን መለስሽልኝ።»

ከረጢታቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ወደ አስፋልቱ አዘገሙ። ወንጌላዊት በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወደ ቤት ሮጠች።

«አባዬ፣ ነጋዴውን ሊያባርሩት ነው! በሚቀጥለው ሳምንት ትሠራላቸዋለህ?»

«አልሠራም።»

«ለምን?»

አባቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ባትሪዎቹ ሞተዋል። ዕድሜያቸው አራት ዓመት ነው፤ አለቀ። ፕሮጀክቱ ደግሞ ተዘግቷል። አዲስ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም።»

«አራት ዓመት ብቻ እንደሚቆይ ነግረሃቸው ነበር?»

«ሪፖርቱ ላይ አለ።»

«በእንግሊዝኛ?»

ግንባሩን እያሸ «ያን ቀን እንደዚያ ሲመርቁኝ ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለ። «ፕሮጀክቱ ይታደሳል ብዬ ነበር። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው።»

ወንጌላዊት አፈረች። ባባቷ አፍራ አታውቅምና ስሜቱ ምን እንደሆነ እንኳ ቶሎ አልገባትም፤ ጆሮዋ ብቻ ጋለ። «እሺ ውጣና ንገራቸው። ገና ሩቅ አልሄዱም።»

«አልችልም ወንጌል።»

አንድ ጊዜ ብድግ ያለ መስሏት መንገዱን ለቀቀችለት። እሱ ግን የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ አስተካክሎ ዓይኑን መልሶ ሸፈነ። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ጊዜ መግደል ነው። በነጠላ ጫማዋ ወጥታ ሮጠች።

የሰፈራቸው የዓባይ ማዶ አስፋልት በባጃጅ ተጨናንቋል። አቶ ሣህሉ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ከረጢቱን እግራቸው መሐል አድርገው ቆመዋል። ስልካቸውን ኪሳቸው ሲከቱ ደረሰች።

«ጋሼ! ዋሽቼዎታለሁ። አባዬ ቤት ነው።»

«እንዴት?»

«ባትሪዎቹ ሞተዋል። መጀመሪያም ከአራት ዓመት በላይ አይቆዩም ነበር። አዲስ የሚገዛ የለም። በሚቀጥለው ሳምንትም፣ በሚቀጥለው ዓመትም አይሠራም። ነጋዴውን እንዳይለቁት!»

አዛውንቱ ወደ ከረጢቱ ጎንበስ አሉ። «ይህን ቢያዩልንስ? ተቃጥሎ እንደሆነ ብዬ እኮ ነው የፈታሁት።»

«ብልሽቱ እሱ ጋ አይደለም ጋሼ። ተሸክመው የመጡት ደኅናውን ነው።»

ይህን ስትናገር እንባዋ መጣ። አቶ ሣህሉ አልተቆጡም፤ ቢቆጧት በተሻላት ነበር። «ታዲያ ስማቸው እዚህ ላይ ምን ይሠራል?» ብለው ብቻ ጠየቁ፣ ወረቀቱ ያለበትን ደረት ኪሳቸውን በመዳፋቸው እየነኩ።

«ዛሬ ይጠፋል» አለች።

ወዲያው ነገሩ ትዝ ሲላቸው ደረታቸውን መቱ። «አሁን ደውዬ እምቢ በሉት አልኋቸው እኮ!»

ስልኩን አውጥተው በጥድፊያ ደወሉ። ሲነሣ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ የለም። እንደገና ሞከሩ። አልሆነላቸውም። ከወዲያ «ሄሎ! ሄሎ!» ሲባል ይሰማል። ስልኩን ወደ እሷ ዘረጉት።

«አንቺው ንገሪያቸው የኔ ልጅ። እኔ ምን አፍ አለኝ።»

እምቢ ብትል ማንም አይፈርድባትም፤ ልጅ ናት፣ የአጥፊው ልጅ እንጂ አጥፊዋ አይደለችም። ደግሞ ስሟን ባትናገርስ ማን ያውቃታል? «መንገድ ላይ ያገኙኝ ሰው ነኝ» ብላ መልእክቱን አድርሳ መሄድ ትችላለች። ባጃጆቹ እየጮኹ ያልፋሉ። ስልኩን ተቀበለች።

«ሄሎ። ወንጌላዊት እባላለሁ። የዶክተር ይትባረክ ልጅ ነኝ።»

«ማን? የዶክተሩ ልጅ?» የወዲያኛው ሰው ድምፅ በደስታ ፈነዳ። «ኧረ ዝም በሉ! የዶክተሩ ልጅ ናት! ዶክተሩ ተገኙ!»

ከኋላው አንዲት ሴት እልል አለች። ሌሎችም ተቀበሏት። ወንጌላዊት ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ፣ እልልታው እስኪያበቃ ጠበቀች።